ከአጥሩ ወዲህ፣ ከአጥሩ ወዲያ

የሐጎስን ሞት የነገረኝ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ረዳት ነው። መኪናው ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ውኃ ይጨመርለታል፤ ልጁ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የአንዲት ሴትዮ የማሾ ጆንያ ያወርዳል። እኔን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ሮቢት የነበሩት የታሪክ አስተማሪ ጓደኛዎ አረፉ እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ተቀበሩ። ሕዝቡ ጉድ ነው የወጣላቸው!»

ቆላ ሬሳ አያሳድርም፤ እሱን አውቃለሁ። ምን እንደገደለው ግን አልጠየቅኩም። ሰው ወዳጁ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንዳገኘው ነው፤ እኔ የጠየቅኩት የት እንደተቀበረ ነበር። ልጁ እንደ ሞኝ አየኝ።

«የት ይቀበራሉ? ቤተ ክርስቲያን ነዋ! ያውም ከግቢው መሐል!»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ በፀሐይ የዞረብኝ መስሏት ውኃ አቀረበችልኝ። አንድ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ ሲሉት የሚደነግጥ ሰው የለም፤ ለእኔ ግን ከሞቱ ይልቅ መርዶው ይኸኛው ነበር። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከሐጎስ ጋር ከተዋወቅንበት ልጀምር።

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ነው። የደጋ ልጅ ነኝና ሙቀቱን ስረግመው እውል ነበር። ሐጎስ ከእኔ በፊት የመጣ፣ በዕድሜም የሚበልጠኝ፣ ረጅምና ከሲታ ሰው ነው። በዚያ እሳት በሆነ አገር የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ኮቱን አያወልቅም። ጥቁር ሰሌዳውን የሚያጠፋው በእርጥብ ጨርቅ ነበር፤ የጠመኔው ብናኝ ከፊት የተቀመጡትን ልጆች እንዳያስላቸው ብሎ። እኔ በሆነ ባልሆነው ስቆጣ፣ ስጣደፍ ሲያየኝ፣ «አትቸኩል፤ አፈሩ የትም አይሄድም» ይለኝ ነበር። ቀልዱ ሁሉ እንዲህ ወደ መቃብር ያዘነበለ ነው።

የሁለታችንን ክፍል የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ የእሱን ትምህርት፣ ወደድኩም ጠላሁም፣ ከተማሪዎቹ እኩል ተምሬዋለሁ። በተለይ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ላይ ሲደርስ እኔ ማስተማሬን እተው ነበር፤ ምክንያቱም የእኔም ልጆች እርሳሳቸውን አስቀምጠው የሚያዳምጡት እሱን ነው።

«በዚያ ዘመን» ይላል በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «ሰው ብቻውን አይወለድም፣ ብቻውን አይሞትም። ሲወለድ ቄሱ አለ። ሲያገባ ቄሱ አለ። ገበሬው ሞፈሩን የሚያነሣው ደወል ሲደወል ነው፤ የሚያስቀምጠውም ደወል ሲደወል ነው። ካመረተው እህል ዐሥራቱን ለቤተ ክርስቲያን ያስገባል፤ ዶሮ ቢያረባ ከዶሮው፣ ንብ ቢያነብ ከማሩ። በጾም ወራት ሥጋ የቀመሰ ሰው ጎረቤቱ ይከሰዋል። የታመመ ሰው ሐኪም አይፈልግም፤ የቅዱስ አጥንት ወዳለበት ገዳም በእግሩ ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ ይኼ የኛ አገር ነው እንዴ?» ይላል አንዱ ልጅ፤ ክፍሉ በሣቅ ያውካካል። የእስላሞቹም ልጆች አብረው ይሥቃሉ። ሐጎስም ይሥቃል መሰለኝ፤ ግድግዳው ድምፅ እንጂ መልክ አያሳይም።

ከዚያ ግዝት ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ ጧፍ ያበራል። ልጆቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ጧፉን ከፍ አድርጎ ይይዝና የተገዘተውን ሰው ፍርድ ያነብባል፦ ማንም እሳት እንዳይሰጠው፣ ማንም አብሮት እንዳይበላ፣ ልጁን ክርስትና እንዳያነሡለት። ከዚያ ጧፉን መሬት ላይ ይጥለውና በጫማው ይረግጠዋል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የምሰማው የጫማውን ድምፅና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጸጥታ ነው። አንድ ዓመት አንዲት ልጅ ጸጥታውን ሰብራ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ የተገዘተው ሰው ሲሞት የት ይቀበራል?»

«ከአጥሩ ውጭ» አላት። «ያለ ጸሎት፣ ያለ ደወል። መንገድ ዳር።»

ይህን ሲል ድምፁ ለምን እንደሚሰልል የገባኝ ቆይቶ ነው። ሐጎስ ካቶሊክ ነበር። ከትግራይ፣ ከአጋሜ ነው፤ በዚያ አገር ካቶሊኮቹ የሚቀድሱት በግዕዝ፣ የሚጾሙት እንደኛው ነው። አንገቱ ላይ ክር አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ጥሬ ቆርጥሞ ይውላል። አፉን ይዞ ቢቀመጥ ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን ሮቢት በመጣ ሰሞን የደብሩ ቄስ መምሬ ይርጉ፣ በደግነት፣ «ልጄ፣ የንስሐ አባትህ ማን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «አዲስ አበባ ናቸው፤ እኔ ካቶሊክ ነኝ» አላቸው። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ መልስ በገዛ አፉ ያወጣል! በዚያው ሳምንት ከተማው «ጸረ ማርያም» የሚል ስም ሰጠው።

ይህን ስም ሲሰማ ከሁሉ የሚናደደው ማን መሰላችሁ? ቤት ያከራየው ሰይድ ነው። ሰይድ ማሽላና ሽንኩርት የሚያርስ፣ አያት ቅድመ አያቱ ይፋት የኖሩ እስላም ነው። የሐጎስ መኝታ ቤት ከእሱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር።

«ይህ ሰው ጸረ ማርያም ከሆነ የሚወዳት እንዴት ሊያደርጋት ነው?» ይል ነበር ሰይድ። «ወላሂ በየማለዳው ውዳሴ ማርያም ሲያነበንብ እኔ ራሴ ልሸመድደው ምንም አልቀረኝ!»

ሚስቱን እትዬ ጥሩነሽን ያገኛት አዲስ አበባ ሲያስተምር ነው። የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ተዋሕዶ ናት። ሲጋቡ ግን ሥርዓቱ የተፈጸመው በእሱ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የቤተሰቧ የንስሐ አባት ደጇን መርገጥ ተዉ። ሣቂታ ሴት ነበረች። ልጅ አልወለዱም። ድግስ ሲጠሩ ሁለቱን ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል፤ እሷ ታዲያ ዞር ብላ፣ «አየህ፣ እንደ ባላባት ለብቻችን ቀረበልን» ትለው ነበር። ሐጎስ በሕይወቱ ከልቡ ሲሥቅ ያየሁት ከእሷ ጋር ብቻ ነው።

የወባው ዓመት መጣ። ብዙ ሰው ተኛ፤ ጥሩነሽም ተኛች። ከጤና ጣቢያው የተሰጣት ክኒን አልረዳትም። መዳን እንደሌለ ስታውቅ የለመነችው ነገር አንድ ነው፦ «ሐጎስዬ፣ ውጭ እንዳታስተኛኝ።» ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ የተቀበረን ሰው ጅብ ያወጣዋል ሲባል ሰምታ ያደገች ናት። የምትፈራው ሞቱን አልነበረም፤ ያንን ነው።

መምሬ ዘንድ ሐጎስ፣ ሰይድና እኔ ሄድን። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ይህም የእነሱ ብቻ ጥፋት አይደለም። መምሬ ከሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩን ሲሰሙ ዕንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ እኔ ዝም ብዬ ባስገባት ነገ እጠየቃለሁ» አሉ። «እሷ የኛው ልጅ ነበረች፤ በአንተ ምክንያት ወጣች። አንተ ግባ፣ እሷም ትገባለች። የሮምን እምነት ትቻለሁ ብለህ ቄደር ተጠመቅ። በማግሥቱ ሥጋ ወደሙን አቀብላታለሁ።»

ቄደር ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው የሚጠመቀው ጥምቀት ነው። ያልካደውን ሰው እንደ ከሐዲ ሊያጠምቁት ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ጨመረበት። «ነገ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ወጥተህ ብትገለበጥ ግን አጥንቷን ቆፍረን እናወጣዋለን። ይህን ዕወቅ።»

ስንመለስ፣ ከማሽላው ዳር ስንደርስ ሰይድ ቆመ።

«መምህር፣ ምድር የአላህ ናት» አለው። «ከዋርካዬ ሥር አሳርፋት። እሾህ አጥርላታለሁ፤ ጅብ አይነካትም። አንተም እንደሆንከው ሆነህ ትኖራለህ።»

ሐጎስ የሰይድን ትከሻ ሳመ። ቤት ገብቶ ሰይድ ያለውን ለጥሩነሽ ነገራት። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። እሱም ሌላ አልጠየቃትም፤ በማለዳ መምሬ ዘንድ ሄደ።

ሥርዓቱ ላይ ሕዝብ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ያ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ቆመ፤ የጎድን አጥንቱ ይታያል። «ትቻለሁ በል» ሲባል «ትቻለሁ» አለ። ቃሉ አልተሰማም ብለው እንደገና አስባሉት። ሴቶች እልል አሉ። ውኃው ሲወርድበት ዓይኑን አልጨፈነም። ቤት ሲመለስ ጥሩነሽ እጇን ሰድዳ እርጥብ ፀጉሩን ዳሰሰች።

«በቃ?» አለችው።

«በቃ» አላት።

በማግሥቱ ቆረበች። ነፍሷ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ከአጥሩ ውስጥ፣ ታች ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር በኩል ባለው ጥግ፣ የድኻ መቃብር ካለበት ተቀበረች። ፍትሐቱ ሙሉ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ያ ትምህርት ደረሰ። ከግድግዳው ወዲህ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ደወሉን አስተማረ፣ ዐሥራቱን አስተማረ፣ ግዝቱንም አስተማረ። የጫማ ድምፅ አልመጣም። ክፍሉን የደገመ አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ጧፉን ዘንድሮ አይረግጡትም?» አለ።

«ይበቃዋል፤ ተረግጧል» አለው ሐጎስ።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ከመቃብሯ አጠገብ ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ቅዳሴው ያደገበት ግዕዝ ነው። ሕዝቡ ተቀበለው፤ «ጸረ ማርያም» የሚለው ስም ቀረ፣ ዕድር ገባ፣ ድግስ ላይ መሐል ያስቀምጡት ጀመር። እኔ ሞኙ አንድ ቀን፣ «እውነቱን ንገረኝ፤ ምን አጣህ? ጾሙ ያው፣ ቅዳሴው ያው» አልኩት።

«ልዩነቱ ትንሽ ነው ትለኛለህ» አለኝ። «አዎ፣ ትንሽ ነው። ያችን ትንሽ ነገር እኮ ነው በአደባባይ ትቻለሁ ያልኳት። አባቴ ለዚያች ትንሽ ነገር ታስሯል።»

አዲስ አበባ ሄዶ ለቀድሞው ቄስ ንስሐ ቢገባ ይቀበሉታል። መንገዱ ከደጁ ነው፤ አውቶቡስ በየቀኑ ያልፋል። ግን የዚያ ሽማግሌ ቃል አለ፣ አጥንቷ አለ። ወሬ ደግሞ የጣርማ በርን ዳገት ከመኪና ቀድሞ ይወጣል፣ ከመኪና ቀድሞ ይወርዳል። ሁላችን ዝውውር ለማግኘት ስንማጠን እሱ ደብረ ብርሃን ቢደርሰው እምቢ አለ። እኔ ወደ ደብረ ሲና ስዛወር፣ «ሂድ፤ አንተ እዚህ የቀበርከው የለህም» ብሎ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ።

ከዓመታት በኋላ ልጠይቀው ወረድኩ። ያሳልና ይደክመው ነበር። «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደኝ። የድሮው የእንጨት አጥር የለም። አንድ ነጋዴ ስለት ደርሶለት ግቢውን በድንጋይ አሳጥሮታል፤ ያማረ ግንብ ነው። ታች ወደ ጥጉ ስንደርስ ግን ግንቡ ቀጥ ብሎ አለፈ። የጥሩነሽን መቃብር ስፈልግ ሐጎስ በእጁ ወደ ውጭ አሳየኝ።

ቦረቦሩ መሬቱን እየበላው ስለመጣ ግንበኛው «እዚያ ላይ ግንብ አይቆምም» ብሏል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው ገነቡት። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ጥጉ ላይ የነበሩት መቃብሮች ሁሉ ውጭ ቀሩ፤ ወገን ያላቸው እንኳ የጮኸላቸው የለም።

«መምሬን አላናገርካቸውም?»

«አናገርኳቸው እንጂ! ደግሞ አጽናኑኝ። ‹ልጄ፣ አጥር ምንድን ነው? መሬቱ አንዴ ተባርኳል፤ እግዚአብሔር አጥር አያይም› አሉኝ።» ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ። «እግዚአብሔር አጥር አያይም። ያን ጊዜ ለምን አላሉኝም?»

ንዴቴ ገነፈለ። «እንግዲያው ነፃ ወጥተሃል! ከእንግዲህ የሚያወጡት አጥንት የለም። ነገ አብረን አዲስ አበባ እንውጣ፤ ንስሐህን ግባ፣ በገዛ ሃይማኖትህ ሙት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እሷን ውጭ ትቼ እኔ የት ልግባ?»

ማታ ሰይድ ባለበት ቃል አስገባን። ሲሞት ከጥሩነሽ ጎን፣ ከግንቡ ውጭ፣ ያለ ፍትሐት ይቀበር። ሌላ ምንም አልፈለገም። ይህችን ብቻ። «እኔ ልቀድም እችላለሁ» አለው ሰይድ ሊያሥቀው። ሐጎስ፣ «አትቸኩል፤ አፈሩ የትም አይሄድም» አለው።

እንግዲህ ረዳቱ «ከግቢው መሐል» ሲለኝ ለምን እንደተቀመጥኩ ገባችሁ። ወደ ደሴ በሚወርድ ሌላ አውቶቡስ ሮቢት ወረድኩ። ሰይድን ጥቁር ለብሶ መንገድ ዳር አገኘሁት፤ ሰላም ሳይለኝ ማልቀስ ጀመረ።

«ተናገርኩ፣ ወንድሜ። ሬሳው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ‹አንተ እስላም ነህ፣ በክርስቲያን ቀብር ምን አገባህ› አሉኝ።»

መምሬ ይርጉ አርጅተው በሰው ይደገፋሉ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ እጄን ይዘው ራሳቸው ወሰዱኝ። አዲሱ መቃብር ከቤተ መቅደሱ ምሥራቅ፣ ካህናት ከሚያርፉበት ነው። በላዩ የጎዘጎዙት ቅጠል ገና አልጠወለገም።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «ለነጋዴው እንኳ ይህን ቦታ አንሰጥም።»

«አባቴ፣ እሱ የለመነው ከግንቡ ውጭ ነው። ከሚስቱ ጎን!»

«ሰምተናል። ትሕትናው ነው። ስለ ተዋሕዶ ብሎ የአባቱን ሃይማኖት የተወን ሰው እንደ አረመኔ ውጭ እንጣለው? እኛ ምን ዓይነት ክፉዎች ነን?»

ከልባቸው ነበር። ፊታቸው ላይ ሐሰት ቢኖር በጮኽኩ፤ አልነበረም። ሕዝቡም ከልቡ ነበር፤ የሮቢት ሰው ሥራ ፈትቶ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አልቅሶ ቀብሮታል። ውለታ የዋሉለት መስሏቸዋል።

«እሷስ?» አልኳቸው።

መምሬ ወደ ታች፣ ወደ ጥጉ አዩ። የረሷት ይመስለኛል። ከዚያ እጄን መታ መታ አደረጉኝ።

«አጥር ምንድን ነው ልጄ» አሉ።

ከሰይድ ጋር በግንቡ ዙሪያ ወደ ታች ወረድን። ሰይድ ቃሉን ጠብቋል፤ የጥሩነሽን መቃብር ዙሪያውን በግራር እሾህ አጥሮታል። ጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሰይድ ጠርጎት ነበር። ክረምት ሲገባ ቦረቦሩ እዚህም ይደርሳል፤ ሐጎስ አፈሩ የትም አይሄድም ይል ነበር፣ ይህኛው ግን ይሄዳል።

ግንቡን በእጄ ነካሁት። ከፀሐዩ የተነሣ ይፋጃል። የኛ ትምህርት ቤት ግድግዳ ጭቃ ነበር፤ ከወዲያ ሲናገር ከወዲህ ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ ቆምኩ፤ ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ አላውቅም። ሰይድ «በቃ፣ እንሂድ» እስኪለኝ ድረስ ቆምኩ።